ማሳችሁ ስንት ውሃ እንደያዘና ምን ያህል እንደጠጠረ በቱቦ ቁራጭና በሚዛን መለካት

አባየ የአፈር እርጥበት የሚለኩት በመዳፋቸው ነው። ከማሳው ላይ አንድ ጭብጥ ያነሱና ጨመቅ አርገው ይለቁታል፣ ከዛ በአውራ ጣታቸው ጫን ያረጉታል፣ "ገና ነው" ወይ "ደርሷል" ይላሉ፣ አለቀ። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ናቸው እኮ። ግን እኔ የሳቸው መዳፍ የለኝም፣ ደግሞም መዳፍ የሚነግራችሁ ከላይ ያለውን ነው፣ ከማረሻው ጫፍ በታች ምን እንዳለ አይነግራችሁም፤ እኛ ጋ ደግሞ ጣጣው ያለው እዛ ታች ነው።

ማረሻ እንደ መሬቱና እንደ በሬው ጉልበት ቢለያይም 15 ሳንቲ ገደማ ነው የሚገባው። ጤፍ ሊዘራ ከገመሳ ጀምሮ አራት አምስቴ ይታረሳል፣ ሁሌም እዛው ጥልቀት፣ ብዙ ጊዜም መሬቱ እርጥብ እያለ፣ ከዛ ዘሩ ሊወድቅ ሲል ማሳው በከብት ይረገጣል፣ አዝመራው ሲነሳ ደግሞ የመንደሩ ከብት ይሰማራበታል። ይሄ ሁሉ ተደምሮ ከታረሰው በታች የጠጠረ ንጣፍ ይሰራል፣ ባለሙያዎቹ ሀርድፓን የሚሉት፣ እና የሐምሌ ዝናብ እዛ ሲደርስ ይቆማል፣ ላዩ ይጨቀያል ታቹ አይጠጣም፣ ስሩም ቁልቁል መሄዱን ትቶ ወደ ጎን ይዞራል። ይሄን ደግሞ ከላይ ቆሞ በማየት ማወቅ አይቻልም፣ ቆፍሮ መለካት ነው።

የምንለካው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ቡልክ ዴንሲቲ፣ ትምህርት ቤት እፍግታ እያሉ ያስተማሩን ማለት ነው፣ በቀላሉ አንድ ሊትር በምታህል ቦታ ውስጥ ስንት ኪሎ ደረቅ አፈር ታጭቋል ነው ጥያቄው። ሁለተኛው እዛችው ቦታ ውስጥ ስንት ውሃ አለ ነው። ሁለቱም ከአንድ ናሙና ይወጣሉ፣ ሁለቴ መድከም የለም። ዋናው ነገር ግን ቦታው ነው፣ አፈሩ መሬት ውስጥ ሳለ ይዞት የነበረው ቦታ ስንት እንደሆነ ታውቆ መውጣት አለበት። ለአሲዳማነት ምርመራ በፌስታል የተወሰደ አፈር ካላችሁ እሱ ለዚህ አይሆንም፣ ተፈርፍሮ ተቀላቅሏል፣ ስንት ቦታ ይዞ እንደነበር ማንም አያውቅም። በነገራችን ላይ አሲዳማ አፈር ለማከም የሚጨመረው የኖራ ሂሳብ ራሱ ይሄን ቁጥር ይፈልጋል፣ 15 ሳንቲ ጥልቀት ያለው የአንድ ሄክታር አፈር እፍግታው 1.2 ከሆነ 1,800 ቶን ይመዝናል፣ 1.0 ከሆነ 1,500፣ የኖራው መጠን የሚሰላው ከዚህ ተነስቶ ነው።

እሺ እቃው። ላብራቶሪ የሚጠቀመው 100 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሚይዝ የብረት ሪንግ ነው። እናንተ ብየዳ ቤት ሂዱና ውስጡ 5 ሳንቲ ገደማ የሆነ የብረት ቱቦ 5 ሳንቲ ቁመት አርገው ይቁረጡላችሁ፣ ሶስት አራት ብታስቆርጡ ስራ ያፋጥናል። ብረቱ በሳሳ ቁጥር ይሻላል። አንደኛውን አፍ በሞረድ ስለት አውጡለት፣ ግን ከውጭ በኩል ብቻ፣ ከውስጥ ከሞረዳችሁት አፈሩን ወደ መሀል እየገፋ ይጨምቅባችኋል። ሌላው ሚዛን ነው። የወርቅ ቤት አይነት ትንሿ ዲጂታል፣ 500 ግራም የምትችልና የግራም አንድ አስረኛ የምታነብ ብትሆን ምርጥ። የማድ ቤቷ ባለ አንድ ግራም ዲጂታልም ለእፍግታው ትበቃለች፣ ከ120 ግራም ላይ አንድ ግራም ብትስት ምንም አይደል፣ ለውሃው ግን ስህተቷ ይታያል ምክንያቱም ውሃው ራሱ 30 40 ግራም ብቻ ነው። የሱቅ ሚዛን አትሞክሩ። ከዛ መዶሻ፣ የጣውላ ቁራጭ፣ አካፋ፣ ረጅም ቢላ፣ የቲማቲም ድልህ ባዶ ጣሳዎች፣ ፌስታል፣ ማርከር፣ ደብተር። በቃ።

ሪንጉ ስንት እንደሚይዝ አንዴ ለካችሁ ጻፉት። ግማሽ ስፋቱን በራሱ አባዝቶ በ3.14 ከዛ በቁመቱ ማባዛት ነው፣ ማለትም 2.5 ሲባዛ 2.5 ሲባዛ 3.14 ሲባዛ 5፣ 98 ይመጣል። ግን ብየዳ ቤት የቆረጠው ልክ 5 ሳንቲ መሆኑን እኔ አላምንም፣ ስለዚህ ታችኛውን አፍ በፌስታልና በፕላስተር አጥብቃችሁ አሽጉና ሚዛን ላይ አስቀምጡ፣ ሚዛኑን ዜሮ አርጉ፣ አፍ እስኪል ውሃ ሙሉበት። የውሃው ግራም በቀጥታ የሪንጉ ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። የኔዎቹ ከሶስቱ ሁለቱ የተለያዩ ሆነው ተገኝተዋል፣ ስለዚህ በእያንዳንዱ ላይ በማርከር ቁጥሩን ጽፌበታለሁ።

አሁን ወደ ማሳው። መቼ የሚለው ከየት ከሚለው ይብሳል። ደህና ዝናብ ከጣለ ወይ ውሃ ካጠጣችሁ ሁለት ሶስት ቀን ቆይታችሁ ሂዱ፣ ትርፉ ውሃ ወርዶ አፈሩ የሚችለውን ያህል ብቻ ይዞ የቀረበት ሰአት ነው። ከደረቀ ሪንጉ አይገባም አፈሩም ይሰነጠቃል፣ ጭቃ ከሆነ ደግሞ መዶሻው ይጠቀጥቀዋል። በታረሰ ማግስትም አትለኩ፣ ያን ቀን ማንም ማሳ ለስላሳ ነው፣ አንድ ሁለት ዝናብ መትቶት ይቀመጥ። ከአምና ጋር ማወዳደር ከፈለጋችሁ ደግሞ በዛው ወቅት በዛው የእርጥበት ሁኔታ ይሁን፣ አለበለዚያ የምታወዳድሩት ማሳውን ሳይሆን ወሩን ነው።

ከየት ለሚለው፣ ለአንድ ጥማድ ቢያንስ አምስት ቦታ በዚግዛግ እየዞራችሁ ምረጡ። ድንበሩን፣ ከብት የሚሄድበትን መንገድ፣ ኩይሳ ያለበትን፣ ዛፍ ስር፣ ፍግ የተከመረበትን ተዉት። በተለይ የድሮ አውድማን! እኔ ሳላውቅ አውድማ ላይ ናሙና ወስጄ ሀርድፓኑን ላዩ ላይ ያገኘሁ መስሎኝ ተደስቼ ነበር፣ አባየ ናቸው የሳቁብኝ፣ "እዛ ላይ እኮ ስንት አመት በሬ አበራይተንበታል ልጄ" አሉኝ። ትራክተር ወይ ኮምባይነር የገባበት ማሳ ከሆነ ግን ጎማው የሄደበትንና ያልሄደበትን ለየብቻ ለኩ፣ አትቀላቅሉ።

እያንዳንዱ ቦታ ላይ ሶስት ጥልቀት እወስዳለሁ፣ ከላይ ከ0 እስከ 5፣ ከ10 እስከ 15፣ እና ከ20 እስከ 25። መጨረሻዋ ከማረሻው በታች ያለችዋ ናት፣ ሰው የሚሰንፈው እሷን ላለመቆፈር ነው፣ ነገሩ ሁሉ ያለው ግን እሷ ላይ ነው። ጉድጓዱን ሰፋ አርጋችሁ ወደምትፈልጉት ጥልቀት ስትደርሱ ወለሉን በቢላ አስተካክሉ፣ ቆማችሁ ያልረገጣችሁበት በኩል ይሁን። ሪንጉን ስለቱን ወደ ታች አርጋችሁ አስቀምጡ፣ ላዩ ላይ ጣውላ፣ ከዛ በመዶሻ ቀስ ቀስ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም የመጀመሪያ ቀን የወሰድኳቸውን 15 ናሙናዎች በሙሉ ያበላሸሁት እዚህ ጋ ነው። እኔ ቸኩዬ በሀይል እየመታሁ ሪንጉ ከአፈሩ እኩል ከሆነ በኋላም ሁለት ሶስቴ እደግም ነበር፣ እንዲጠብቅ ብዬ። ከዛ ቤት ገብቼ ስመዝን ሁሉም ማሳ ድንጋይ ሆኖ ቁጭ፣ ላዩም ታቹም። አፈሩን የጠቀጠቅኩት ራሴ ነኝ። ስለዚህ ምልክቷ ይቺ ናት፣ ጣውላውን አንሱና በሪንጉ ውስጥ ያለውን አፈር ከውጭ ካለው ጋር አስተያዩ። እኩል ከሆነ ጥሩ። ውስጡ ዝቅ ብሎ ከሆነ ተጨምቋል፣ ጣሉት፣ ሌላ ቦታ ሞክሩ፣ "ትንሽ ነው ምንም አይል" አትበሉ። ውጭ ካለው ጋር እኩል ሲሆን መምታት አቁሙ። ጣውላውን በእጅ ተጭኖ መሄድ ከቻለ ደግሞ ከመዶሻው በብዙ ይሻላል።

ከገባ በኋላ ዙሪያውን ቆፍሩና ከስሩ አካፋ ወይ ቢላ አስገብታችሁ ከነትርፍ አፈሩ አንሱት። ከላይና ከታች የተረፈውን በቢላ ከሪንጉ አፍ እኩል ከርክሙ፣ በአንድ ጊዜ ግዝ አታርጉ፣ ከዳር ወደ መሀል በትንሽ በትንሹ፣ አለበለዚያ ጉርድ ብሎ ይወጣና ጎድጓዳ ይሆናል። ስር ከወጣ በመቀስ ቁረጡት አትጎትቱት። ከዛ አፈሩን በሙሉ አንዲት ፍርፋሪ ሳትቀር ወደ ፌስታል፣ አየሩን አስወጥቶ ማሰር፣ ጥላ ውስጥ ማስቀመጥ። ምልክቱን በፌስታሉ ላይ በማርከር ጻፉ፣ ወረቀት ጽፋችሁ ከአፈሩ ጋር አትክተቱ፣ እርጥበቱ ወረቀቱን ላብ በላብ አርጎት ቤት ስትደርሱ ቁጥር 3 ይሁን 8 አይለይም።

ቤት ስትገቡ በዛው ቀን መዝኑ። መጀመሪያ ባዶ ጣሳዎቹን አንድ በአንድ መዝናችሁ ቁጥር ስጧቸው፣ ከዛ አፈሩን ገልብጣችሁ እንደገና መዝኑ። ይሄ እርጥቡ ነው። ቀጥሎ ማድረቅ።

ደንቡ 105 ዲግሪ ላይ 24 ሰአት ነው። ኦቨን ካላችሁ 105 ላይ አድርጋችሁ እንዲያድር ተዉት፣ መብራት ጠፍቶ ከመጣ ሰአቱን አትቁጠሩ፣ ሚዛኑን ነው ማመን፣ በሁለት ሰአት ልዩነት ሁለቴ መዝናችሁ ካልቀነሰ ደርቋል። ኦቨን ከሌለ አፈሩን አንድ ሁለት ቀን ፀሀይ ላይ አናፍሱት (ዶሮ ጠብቁ፣ የምሬን ነው)፣ ከዛ ጣሳውን ረመጥ ላይ በተጣደ ምጣድ ላይ አስቀምጡና በቀስታ እያማሰላችሁ አድርቁ፣ ማማሰያዋ ላይ የቀረውን እዛው አራግፉ። የኤሌክትሪክ ምጣድም ይሆናል ግን ያ እንጀራ የሚጋግር እሳት ለአፈር ብዙ ነው፣ ምጣዱ ግሎ ከጠፋ በኋላ በቀረው ሙቀት ደጋግሞ ማድረቅ ይሻላል። መቃጠል መቃጠል ከሸተታችሁ ወይ ጭስ ካያችሁ የሚሄደው ውሃ ብቻ አይደለም፣ ብስባሹም እየነደደ ነው፣ ቁጥሩ ይበላሻል። መድረቁን የምታውቁበት ደግሞ ቀዝቃዛ መስታወት ወይ ብርጭቆ ከላዩ ያዙ፣ ላብ ከያዘው ገና ውሃ አለ። ፀሀይ ብቻዋን ግን አትበቃም፣ ሸክላማ አፈር በፀሀይ የደረቀ መስሎ ውስጡ ውሃ ደብቆ ይቀመጣል።

ሂሳቡን በምሳሌ። ሪንጉ 98 ነው እንበል፣ የላይኛው ናሙና ጣሳው ሲቀነስ እርጥቡ 162 ግራም ነበር፣ ደርቆ 121.5 ሆነ። እንግዲህ

እፍግታ፦ 121.5 ሲካፈል ለ98 = 1.24
ውሃው፦ 162 ሲቀነስ 121.5 = 40.5 ግራም
በክብደት፦ 40.5 ሲካፈል ለ121.5 = 33 በመቶ
በስፋት (አፈሩ ከያዘው ቦታ ውስጥ የውሃው ድርሻ)፦ 40.5 ሲካፈል ለ98 = 41 በመቶ

ከማረሻው በታች ያለው ደግሞ እርጥቡ 182፣ ደረቁ 143.4 ሆነ። እፍግታው 1.46፣ ውሃው 38.6 ግራም፣ በክብደት 27 በመቶ፣ በስፋት 39 በመቶ።

እዚች ላይ ነው ልብ በሉ የምላችሁ። በክብደት ብቻ ያየ ሰው ላዩ 33 ታቹ 27 ነው፣ ታቹ ደርቋል ውሃ ጨምሩ ይላል። በስፋት ስታዩት ግን 41 እና 39፣ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ታቹ ውሃ አላነሰውም፣ አፈሩ በዝቶበት ነው። ያነሰው አየር ነው፣ እሱንም ማስላት ይቻላል። የአፈር ቅንጣት ራሱ ክብደቱ 2.65 ገደማ ስለሆነ እፍግታውን ለ2.65 አካፍሉና ከ1 ቀንሱ፣ ክፍት ቦታው ይወጣል። ላይኛው 53 በመቶ ክፍት ነው፣ ከዛ 41ዱን ውሃ ይዞታል፣ 12 ለአየር ቀረ። ታችኛው 45 ክፍት፣ 39ኙን ውሃ ይዞት 6 ብቻ ቀረ። አየር ከ10 በመቶ ሲወርድ ስር መታፈን ይጀምራል። ስለዚህ ለዚህ ማሳ ውሃ ጨምሩ የሚል ምክር ገደል መስደድ ነው።

ለሸክላማ አፈር፣ ጎጃም ቀዩም ዋልካውም አብዛኛው ሸክላማ ነው፣ እፍግታው ከ1.1 በታች ከሆነ ማለፊያ ነው፣ 1.4 አካባቢ ሲደርስ ስር መቸገር ይጀምራል፣ ከ1.47 በላይ ጭራሽ ይገታል። አሸዋማ ከሆነ ግን 1.6 እንኳ ችግር የለውም፣ የሚገታው ከ1.8 በላይ ነው፣ ስለዚህ ቁጥሩን ከአፈሩ አይነት ሳትለዩ ከሰው ጋር አታወዳድሩ።

ዋልካ ላይ ያላችሁ፣ ደጀን ቢቸና ያላችሁ ማለቴ ነው፣ ለናንተ አንድ ሌላ ጣጣ አለ። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣው ለዚህ ነው። ስለዚህ ያው ማሳ በመስከረምና በጥር የተለያየ እፍግታ ይሰጣችኋል፣ ማንም ሳይረግጠው። በጥር በሁለት ስንጥቅ መሀል ያለችውን ጓል ለክታችሁ "ጠጥሯል" ብትሉ ውሸት ነው፣ ተሰብስቦ ነው። ዋልካን ስንጥቁ ሳይከፈት እርጥብ እያለ ለኩ፣ ከእፍግታው ጎን እርጥበቱንም ሁሌ ጻፉ። ለናንተ ይበልጥ የሚጠቅማችሁ ሽምብራና ጓያ ሲዘራ የቀረውን ውሃ መለካት ነው፣ የሚበቅሉት በሱ ነውና። በየ10 ሳንቲው እስከ 60 ሳንቲ ውረዱ፣ የእያንዳንዱ 10 ሳንቲ በስፋት የተለካ መቶኛ በቀጥታ ሚሊ ሜትር ነው፣ 40 በመቶ ማለት 40 ሚሊ ሜትር ውሃ፣ ስድስቱን መደመር ነው። ሁሉንም ግን ሰብሉ አይጠጣውም፣ ሸክላማ አፈር 20 ምናምን በመቶ ይዞም ሰብል ይጠወልግበታል፣ አጥብቆ ስለሚይዘው።

ጠጠር የበዛበት ማሳ ላይ ሪንግ አይሰራም፣ ድንጋይ ላይ ያርፍና ይጣመማል። ያኔ ጎድጓዳ ሳህን የምታህል ጉድጓድ በጥንቃቄ ቆፍሩ፣ የወጣውን አፈር በሙሉ ያዙ፣ ጉድጓዱን በስስ ፌስታል አልብሱና አፉ እኩል እስኪሆን ውሃ እየለካችሁ ጨምሩ። የገባው ውሃ ሚሊ ሊትር የጉድጓዱ ስፋት ነው። ጠጠሩን ለቅማችሁ አጥባችሁ መዝኑ፣ ክብደቱን ለ2.65 አካፍላችሁ ስፋቱን ከጉድጓዱ ቀንሱ፣ ክብደቱንም ከአፈሩ ቀንሱ፣ የቀረው ያው ነው።

ይሄ ሁሉ ከመድረሱ በፊት ወይም ማሳው ብዙ ከሆነ፣ ባለ 10 ፌሮ አንድ ሜትር አስቆርጣችሁ አንዱን ጫፍ አሹሉ፣ ሌላውን እጀታ እንዲሆን እጠፉ፣ በየ5 ሳንቲው ምልክት አርጉ። ከዝናብ በኋላ ሁለት ሶስት ቀን ቆይታችሁ እኩል በሆነ ጉልበት ውጉት። ይገባ ይገባና 15 ወይ 20 ላይ እምቢ ይላል፣ ገፋ ስታረጉት ድንገት እንደገና ይለቃል፣ ያቺ እምቢ ያለባት ናት ሀርድፓኗ። ፔኔትሮሜትር የሚባለው ውድ እቃም ያው ነው፣ ልዩነቱ ጉልበቱን በቁጥር ያሳያል፣ 2 ሜጋ ፓስካል ሲደርስ የብዙ ሰብል ስር ያቆማል። በፌሮ ቦታውን ፈልጉ፣ በሪንግ ቁጥሩን አውጡ።

የእርጥበት ሴንሰር አይሻልም ወይ ለምትሉኝ። ሁለት እግር ያላቸው ርካሾቹ የሚያነቡት ኤሌክትሪክ ማለፉን ነው፣ ማዳበሪያ ሲጨመር ውሃ የተጨመረ ያስመስላሉ፣ ለአበባ ማሰሮ ይሁኑ። ደህናዎቹም ቢሆኑ ሸክላማ አፈር ላይ በሪንግ ካልተስተካከሉ ይስታሉ። መስኖ ላላችሁ ግን ዌቲንግ ፍሮንት ዲቴክተር የሚሉት መሬት ውስጥ የሚቀበር ፈነል አለ፣ ውሃው እሱ ጋ ሲደርስ ከላይ ምልክት ብቅ ያረጋል፣ መራዊ ኮጋ መስኖ ላይም ተሞክሯል፣ ቁጥር አይሰጥም ግን "በቃ ደረሰ" ይላችኋል።

ስንት ላጠጣ ለሚለው ያው የሪንጉ ቁጥር ይመልሳል። በመጀመሪያ አንድ ካሬ ሜትር ቦታ በደንብ አጠግባችሁ በፌስታል ሸፍኑና ሁለት ቀን፣ ዋልካ ከሆነ ሶስት ቀን፣ ቆይታችሁ ናሙና ውሰዱ፣ ያ አፈራችሁ የሚችለው ልክ ነው። በስፋት 42 በመቶ ወጣ እንበል፣ ዛሬ ስትለኩት ደግሞ 32፣ የጎደለው 10 በመቶ ነው። የስሩ ጥልቀት 30 ሳንቲ ከሆነ 30 ሚሊ ሜትር፣ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር 30 ሊትር፣ ሩብ ሄክታር ለሆነች ጥማድ 75,000 ሊትር። ፓምፓችሁ 200 ሊትር በርሜል በ40 ሴኮንድ ከሞላ በሴኮንድ 5 ሊትር ነው፣ ስለዚህ አራት ሰአት ከአስር ደቂቃ። ከቦይ የሚባክነውን አልቆጠርኩም፣ እሱን እናንተ ጨምሩበት፣ ግን ሌሊቱን ሙሉ ለቆ መተኛት ከሚለው ጋር አስተያዩት።

ሪንጉን ስትጨርሱ አጥባችሁ ዘይት ቀቡት፣ የዛገ ሪንግ አፈር እየያዘ ናሙና ያበላሻል። ጉድጓዶቹንም ከመሄዳችሁ በፊት ድፈኑና ረገጥ ረገጥ አርጉ፣ እኔ አንዱን ረስቼ በማግስቱ በሬው እግሩ ገብቶ ሲንገዳገድ አባየ ካሉኝ ነገር እዚህ የሚጻፍ የለም።